የተፈታውና የፈታው፦ የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የኃጢአት ጥያቄ

መግቢያ

የምንማርባት ከተማ ሁለት ስም እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን። የጥንት ስሟ አዳማ ነው። በ1940ዎቹ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ኢየሱስ ባደገባት በገሊላዋ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች። በ2000 ደግሞ አዳማ የሚለው ስሟ ተመለሰላት። ሆኖም እስከ ዛሬ አንዱ አዳማ፣ ሌላው ናዝሬት ይላታል፤ ሁሉም ይግባባል። ስሟ ሁለት ጊዜ ተለወጠ እንጂ ሙቀቷም፣ አቧራዋም፣ ገበያዋም ያው ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የክርስትና እምነት ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው ትልቁ ነገር ሰው አዲስ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በጥምቀትም አዲስ ስም ይሰጣል። ታዲያ አዲስ የሚሆነው ምኑ ነው? ስሙ ብቻ ነው ወይስ ሰውየው ራሱ? ይህን ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከማንሳት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አይቶ መመርመር ይሻላል ብዬ ስላሰብኩ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትን የአናሲሞስ ነሲብን ታሪክ መርጫለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሩሙ እስከ ምጽዋ

አናሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው። ቤተሰባቸው ያወጣላቸው ስም ሂካ ነበር። ሂካ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። ከዚያም በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት። በዚያ ዘመን ልጅ ከማሳ፣ ከወንዝ ዳር፣ ከከብት ጥበቃ ላይ ተነጥቆ ሲወሰድ መንገዱ ረጅም ነበር፤ ከደቡብ ምዕራብ አገር ተነስቶ ገበያ ለገበያ እየተሸጠ ወደ ባሕር ዳርቻ ይነዳል። ሂካም ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው። ባሕሩን የተሻገረ ደግሞ የመመለስ ተስፋው የመነመነ ነበር።

በ1870 ግን ምጽዋ ላይ የፈረንሳይ ቆንስላ ተወካይ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው። ልጁ ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ከምጽዋ አቅራቢያ ምንኩሉ በሚባል ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለነበረ ወደዚያ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ስለ ሙንዚንገር አንድ ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም ለምንነጋገርበት ጉዳይ ይጠቅማል። ይህ ሰው ባሪያ ነፃ ያወጣ ሰው ነው። ይኸው ሰው ቀደም ሲል፣ በ1868፣ እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ ረድቷቸዋል። በኋላም የግብፅ ሹም ሆኖ ኢትዮጵያን ለመውጋት በመጣበት ዘመቻ፣ በ1875፣ በዚሁ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ታችኛው ጫፍ፣ አውሳ ላይ ተገድሏል። እንግዲህ ይህ ሰው ጻድቅ ነው ወይስ ኃጥእ? የታሪክ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አይሰጥም። የክርስትና ትምህርት ግን ሰው በአንድ እጁ መልካም እየሠራ በሌላው ሊያጠፋ እንደሚችል ይነግረናል፤ መልካም ሥራው እውነተኛ ነው፣ ጥፋቱም እውነተኛ ነው። ሂካን ነፃ ያወጣው እጅ ንጹሕ እጅ አልነበረም። ነፃነቱ ግን ነፃነት ነበር።

ሦስቱ ስሞች

መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ወጣቱ ሂካ ተጠመቀ። አናሲሞስ የሚለው ስም የተወሰደው ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው አጭር መልእክት ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር። ከጌታው ተለይቶ ሄዶ ጳውሎስን አገኘና ክርስቲያን ሆነ፤ ጳውሎስም ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለጌታው ጻፈለት። በግሪክኛ የስሙ ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። ነሲብ የሚለው ደግሞ በዐረብኛ ዕጣ፣ ድርሻ ማለት ነው፤ በአማርኛችንም አንድን ነገር በነሲብ አደረገ ስንል እንዲሁ እንዳጋጠመው ማለታችን ነው።

በጣም የሚደንቀው ግን የመጀመሪያው ስም ነው። በኦሮምኛ ሂኩ ማለት መፍታት ነው። የታሰረን ይፈታሉ፣ ቋጠሮ ይፈታሉ፣ ቋንቋንም ይፈታሉ፤ ማለትም ይተረጉማሉ። ሂካ የሚለው ስም ተርጓሚ፣ ፈቺ የሚል ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው። የአማርኛው ፈታ የሚለው ግስም እኮ እንደዚሁ ነው። እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ንስሐ የገባ ሰው ከካህኑ የሚቀበለው ቃል ይፍታህ የሚል ነው፤ ለሞተ ሰው የሚደረገውም ጸሎት ፍትሐት ይባላል። ማለት በእኛ ቋንቋዎች ከባርነት ነፃ መውጣትን፣ ቃልን መተርጎምንና የኃጢአት ስርየትን አንድ ሥር አስሮ ይዟቸዋል። የቋንቋ ተማሪ ይህን ሳያይ ማለፍ የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ የአናሲሞስ ሕይወት በእነዚህ ሦስት መፍታቶች ሊጠቃለል ይችላል። በልጅነታቸው ከባርነት ተፈቱ፤ በእምነታቸው ከኃጢአት መፈታትን ፈለጉ፤ በሥራቸው ደግሞ መጽሐፉን ለሌሎች ፈቱ።

ጥያቄው የት ላይ ነው?

እስቲ አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በክርስትና እምነት ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ፤ ስለዚህም ክቡር ነው። አዳም ግን ትእዛዝ ተላለፈ፤ በዚህም ሰው ከፈጣሪው ተለየ፣ ሞትም ገባ። ይህን ራሱን ሊያስተካክለው አልቻለም። ስለዚህ አምላክ ራሱ ሰው ሆኖ በመስቀል ሞቶ አዳነው፤ የሚያምንም ሰው በመንፈስ ቅዱስ እንደገና ይወለዳል። እስከዚህ ድረስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም፣ አናሲሞስ የተማሩባት የሉተራን ቤተ ክርስቲያንም ይስማማሉ። አጽንዖታቸው ግን ይለያያል። በተዋሕዶ ትምህርት አዳም ያጣው ልጅነት በጥምቀት ይመለሳል፤ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ የሚጠመቁትም አዳምና ሔዋን ወደ ገነት የገቡበትን ቀን በማሰብ ነው። ከዚያ ወዲያ ምእመኑ በንስሐና በቅዱስ ቁርባን፣ በጾምና በምጽዋት እየታደሰ ይኖራል። ሉተር ደግሞ ሰው በእምነት ብቻ፣ በጸጋ ብቻ እንደሚጸድቅ፣ የጸደቀውም ሰው ግን በዚህ ዓለም እስካለ ድረስ ከኃጢአተኛነቱ ፈጽሞ እንደማይላቀቅ አስተማረ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ይህ ትምህርት ሁሉም ኃጢአተኛ ነው ይላል። ሁሉም ካለ ባሪያ ፈንጋዩም የተፈነገለውም ልጅ ማለት ነው። ይህን ጉዳይ በዲፓርትመንታችን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከርበት አንዳንዶቹ የሚያነሱት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ የተሸጠን ልጅ አንተም ኃጢአተኛ ነህ ማለት በደል ላይ በደል መጨመር አይሆንም ወይ? ገዢውና የተሸጠው በአንድ ቃል ሲጠሩ ገዢው ማምለጫ አያገኝም ወይ? እውነቱን ለመናገር ይህ ተቃውሞ ያለ መልስ የሚታለፍ አይደለም። በታሪክም ባሪያ አሳዳሪዎች ሁላችን ኃጢአተኞች ነን እያሉ ራሳቸውን ሲያረጋጉ ኖረዋል።

የአናሲሞስን ሕይወት የመረጥኩትም ለዚህ ነው። እኚህ ሰው ኃጢአት ምን እንደሆነ በመጀመሪያ የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። በራሳቸው ላይ ሲፈጸም አይተውታል። እንግዲህ ትምህርቱ ውሸት ወይም ማባበያ ቢሆን ኖሮ ቀድመው ሊያውቁት የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ።

የልብ መጽሐፍ

ከጥምቀታቸው በኋላ አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ወዲያውም ወደ ተወለዱበት አገር ለመግባት ተነሱ። በሱዳን በኩል አድርገው ወደ አሶሳ አካባቢ ቢደርሱም ማለፍ አልቻሉም። በሚያዝያ 1882፣ ትኩሳት ያዳከማቸው መንገደኞች፣ የማህዲስቶች ዐመፅ በሚጀምርበት ሰዓት ካርቱም ተመለሱ። ሁለተኛው ሙከራ በ1886 እንጦጦ ድረስ አደረሳቸው። ከዚያ ግን ንጉሥ ምኒልክ እንዲመለሱ አዘዙ። እንደገና ምንኩሉ።

መንገዱ ሲዘጋባቸው አናሲሞስ ራሳቸው ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር ቃሉ ይድረስ ብለው ወደ ትርጉም ዞሩ። አዲስ ኪዳን በ1893 በምንኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በባዝል አቅራቢያ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ እርሳቸውም ኅትመቱን ለመከታተል እዚያው ድረስ ሄደዋል። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር። ከዚህ ሌላ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝምና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ተርጉመዋል። የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል።

ከትርጉሞቻቸው መካከል ለርእሳችን ቅርብ የሆነው ግን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ የጀርመናዊው የዮሐንስ ጎስነር የሰው ልብ። ጎስነር በመጀመሪያ የካቶሊክ ቄስ፣ በኋላ የፕሮቴስታንት ሰባኪ የሆነ ሰው ሲሆን መጽሐፉን ያሳተመው በ1812 ነው። መጽሐፉ በአፍሪካና በእስያ በብዙ ቋንቋዎች ተሰራጭቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። አሥር ሥዕሎች አሉት፤ በሥዕሎቹ ላይ ትልቅ ልብ ተስሏል። በኃጢአተኛው ልብ ውስጥ እንስሳት ተቀምጠዋል። ጣዎስ ለትዕቢት፣ ፍየል ለዝሙት፣ አሳማ ለሆዳምነት፣ ኤሊ ለስንፍና፣ ነብር ለቁጣ፣ እባብ ለቅናት፣ ጉርጥ ለንፍገት። በመካከላቸውም ሰይጣን እንደ ባለቤት ነግሦ ይታያል። ቀጥሎ ባሉት ሥዕሎች ሰውየው ሲጸጸት እንስሳቱ መውጣት ይጀምራሉ፣ የመንፈስ ቅዱስ ብርሃን ይገባል፣ መስቀሉ በልብ ውስጥ ይተከላል። ሌላ ሥዕል ላይ ደግሞ የወጡት እንስሳት ተመልሰው በር ላይ ይቆማሉ፤ ሰውየው ካልነቃ እንደገና ይገባሉ። በመጨረሻም የኃጥእና የጻድቅ ሞት ይታያል።

ማንበብ ለማይችል ገበሬም ሆነ ሕፃን ይህ ሥዕል በቀላሉ ይገባል። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ይበልጥ ይገባል። ኦሮምኛ ገራ ሲል ሆድንም ልብንም ማለቱ ነው፤ አማርኛም ሆዱ ክፉ፣ ሆደ ሰፊ፣ በሆዱ ያዘ ይላል። ሰው ውስጡ እንደ ቤት ነው፣ አንድ ነገር ይኖርበታል የሚለው አስተሳሰብ ከጀርመን መምጣት አላስፈለገውም።

አሁን ይህን መጽሐፍ ማን እንደተረጎመው እናስብ። ከብት እንደሚሸጥ የተሸጠ ሰው ነው የተረጎመው። የፈነገሉት ሰዎች ልብ ውስጥ ምን ዓይነት እንስሳ እንደነበረ ለመናገር ከእርሳቸው የበለጠ መብት ያለው ማን ነው? ነገር ግን ሥዕሉ የተሠራው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። አንባቢው የራሱን ልብ እንዲያይበት ነው፣ እንደ መስታወት። አናሲሞስ ይህን መጽሐፍ ለሕዝባቸው ሲሰጡ የነገሩን ነገር እንዲህ የሚል ይመስለኛል፦ በደል የተፈጸመበት ሰው ክብሩ ሊመለስለት ይገባል፤ ክብሩ ሲመለስለት ግን ሰውነቱም አብሮ ይመለስለታል፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ልብ አለው፣ ልብ ካለው ይጠየቃል። ዕቃ ነው ኃጢአት የማይሠራው። ባሪያ ገዢው ሂካን እንደ ዕቃ ቆጠረው፤ ዕቃ ንስሐ አይገባም፣ ይቅርም አይልም። እንግዲህ ሁሉም ኃጢአተኛ ነው የሚለው ትምህርት፣ ገዢው አፍ ላይ ሲሆን ማምለጫ ነው፤ የተሸጠው ሰው ራሱ ሲናገረው ግን እኔም እንደ አንተ ሰው ነኝ ማለት ይሆናል። አንድ ቃል ነው፣ የሚናገረው ሰው ሲለይ ክብደቱ ይለያል።

አስቴር ጋኖ

የአናሲሞስን ታሪክ ስንናገር አስቴር ጋኖን ካላነሳን ታሪኩ ጎዶሎ ነው። አናሲሞስ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለሆነ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም የሚበቃ ኦሮምኛ እንደሌላቸው በሥራው መካከል ተረዱት። በ1886 የጣልያን መርከበኞች ባሮች ጭና ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ጀልባ ይዘው ኦሮሞ ልጆችን ነፃ ሲያወጡ፣ ከእነርሱ አንዷ በ1872 ገደማ የተወለደችው አስቴር ነበረች። ምንኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ቋንቋውን አጥርታ ታውቅ ነበር። 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የቃላት ስብስቡን ያዘጋጀችውም፣ የትርጉሙን ኦሮምኛ ኦሮምኛ ያደረገችውም በአብዛኛው እርሷ ናት። እስከ 1964 ኖራለች።

ሆኖም የትርጉሙ ክብር ለረጅም ዘመን የቆየው በአናሲሞስ ስም ነው። እርሳቸውም ድርሻዋን አጉልተው ሲናገሩ አልታዩም። ይህን የምጽፈው ትልቅን ሰው ለማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ራሳቸው የተረጎሙትን መጽሐፍ እርሳቸው ላይ ብናነብበው ማለቴ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ ከታደሰው ልብ በር ላይ ጣዎሱ ተመልሶ እንደሚቆም ያሳያል። ሉተር የጸደቀው ሰውም ኃጢአተኛ ነው ያለው ይህንኑ ነው። መታደስ ማለት ሰው አንድ ቀን ተለውጦ በቃ ማለት አይደለም። ከሁለት ነፃ የወጡ ባሮች አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ሆነው አንድ መጽሐፍ ሠሩ፤ የአንዱ ስም ጎልቶ ወጣ፣ የሌላዋ በጥላ ሥር ቀረ። የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን እንደ ኃጢአት አላዩት ይሆናል። ዛሬ ግን እናየዋለን።

ነቀምቴ

በመጨረሻ በ1904፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው፣ አናሲሞስ ወለጋ ገቡ። መጀመሪያ ቦጂ፣ ከዚያ ነቀምቴ ተቀመጡ። የወለጋው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። አናሲሞስ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ጀመሩ። ሕዝቡ በቋንቋው ሲሰማ ተሰበሰበ። ኦሮምኛ የማይሰሙት የአካባቢው ካህናት ግን ምን እየተባለ እንደሆነ ስላልተረዱ ተጠራጠሩ፤ በኋላም ቅድስት ማርያምን ይሳደባሉ ብለው ከሰሷቸው። በግንቦት 1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፣ እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። መስበክ ግን ተከለከሉ።

እንደ ሰው ሰውኛ ስናስበው፣ ሠላሳ ዓመት የተመኙት አገር ገብቶ አፍን መያዝ ከባድ ነው። አናሲሞስ ግን አገር ጥለው አልሄዱም፤ አመፅም አላነሱም። ለዓመታት በትምህርት ቤታቸው ብቻ ተወስነው ልጆችን ማንበብ አስተማሩ። መስበክ ቢከለከሉም ያሳተሙት መጽሐፍ ማንበብ በሚችል ሰው እጅ ሁሉ ይናገር ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። አናሲሞስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰበኩ። ያረፉት ሰኔ 21 ቀን 1931 ነው፣ ዕለቱ እሑድ ነበር።

አንድ ነገር ልብ እንበል። አናሲሞስ ሲሞቱ በኢትዮጵያ ባርነት ገና በሕግ ፈጽሞ አልተሻረም ነበር። አገራችን በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1924 ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጥቷል። ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ ግን የወጣው በ1942 ነው። እኚህ ሰው ታዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት፣ ሕጉ ያልፈታቸው ሰዎች አሁንም በሚሸጡባት አገር ነበር። ከባርነት ነፃ መውጣት ብቻውን ለሰው ይበቃዋል ቢሉ ኖሮ አንድም ነገር ሳይሠሩ ስዊድን በቀሩ ነበር። የነፍስ መዳን ብቻውን ይበቃል ቢሉ ደግሞ ማንበቢያ መጽሐፍና ትምህርት ቤት ባላስፈለጋቸው። በኦሮምኛ ፈያ ጤና ነው፣ ፈዩ መዳን ነው። የአማርኛው ዳነም ከበሽታም፣ ከሞትም፣ ከኃጢአትም ነው። ቋንቋዎቻችን ሥጋንና ነፍስን ለያይተው አላዩም፤ ተርጓሚውም አልለያዩም።

ይህ ለእኛ አካባቢ ምኑ ነው?

የወለጋው ሰው ታሪክ ለአዳማ ተማሪ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ኦሮምኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ የመሆን ታሪኩ በእውነቱ የተጀመረው በእኛ በኩል ባለው በሸዋ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ ተምሮ ነበር፤ የእርሱም አዲስ ኪዳን በ1876 ታትሟል። የአናሲሞስና የአስቴር ሥራ ያንን ተክቶ ሙሉውን መጽሐፍ አስገኘ። ዛሬ ከቢሾፍቱና ከሞጆ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች በኦሮምኛ የሚያመልኩ ምእመናን የሚያነቡት በቁቤ ፊደል ነው። ፊደሉ ተለወጠ። ዋቃዮ የሚለው የፈጣሪ ስም ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው።

በአዳማ ራሷም ይህ የመታደስ ጥያቄ ታሪክ አለው። ከጣልያን ጦርነት በኋላ ሜኖናውያን ሚሲዮናውያን በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተሰየመው ሆስፒታል በሽተኛ ሲያክሙ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ የከተማዋ ተማሪዎች ተሰባስበው ሰማይ ብርሃን የተባለውን የመንፈሳዊ መነቃቃት ማኅበር አቋቋሙ። ዳግም ልደት የሚለው ቃል በወጣቶች አፍ ላይ የገባው በዚያን ጊዜ ነው። በኋላ የተቀላቀሏት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 በደርግ ተዘጋች፤ ምእመናኑ በየቤቱ መሰብሰብ ቀጠሉ። እንደ አናሲሞስ እነርሱም አፋቸው ሲዘጋ ሥራቸው አልቆመም።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ በመግቢያዬ ላይ አዲስ የሚሆነው የሰው ምኑ ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። ከአናሲሞስ ሕይወት የማገኘው መልስ እንዲህ ነው። የተሸጠው ልጅ ሂካ አልጠፋም፤ ቋንቋውም፣ አገሩም፣ የደረሰበትም በደል ከእርሱ ጋር ቀርቷል። የተለወጠው ያ ሁሉ የሚያገለግለው ዓላማ ነው። ስለ ደረሰበት በደል ዝም አላለም፤ ነገር ግን በደሉ የመጨረሻው ቃል እንዲሆን አልፈቀደም። ክርስቲያን የሆነም ያልሆነም አንባቢ ይህን ሊመዝነው ይችላል። ኃጢአት ሌሎች በእኛ ላይ የሠሩት ነው ብሎ ማቆም ቀላል ነው። እኛ የሠራነው ብቻ ነው ብሎ የተበደለውን ዝም ማሰኘትም ቀላል ነው። አናሲሞስ ሁለቱንም ይዘው ኖሩ።

በየዲፓርትመንታችን የኦሮምኛና የአማርኛ ጽሑፎችን የምናጠና ተማሪዎች የ1899ኙን ትርጉምና የ1894ቱን ማንበቢያ ጎን ለጎን አድርገን ብናነባቸው ብዙ እናገኝባቸዋለን ብዬ አምናለሁ። ስናነባቸውም ሁለቱን ስሞች አብረን እንጥራ፤ አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ።